ውሃው ከየት ነው የሚወጣው?
የሚያፈስ አኳሪየምን መርምሮ ስለመጠገን

ሳሎን ውስጥ ከተቀመጠ አኳሪየም ሥር ውሃ ታየ እንበል። ምንጣፉ ረጥቧል፤ የማስቀመጫው እንጨት ጠርዙ አብጧል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚወስደው እርምጃ አንድ ዓይነት ነው። ወደ ሕንፃ መሣሪያ መደብር ሄዶ ሲሊኮን ይገዛል፤ እርጥበቱ በታየበት ማዕዘን ላይ ከውጭ በኩል ይለጥፋል፤ ከዚያ ይጠብቃል። በማግስቱ ውሃው ተመልሶ ይመጣል። ሌላ ሲሊኮን ይደረብበታል፤ አሁንም ይመጣል። በመጨረሻ አኳሪየሙ «አይሆንም» ተብሎ ወደ በረንዳ ይወጣል፤ ዓሦቹም ለሌላ ሰው ይሰጣሉ።

እንዲህ ከተጣሉት ውስጥ ሊድኑ የሚችሉ ብዙ ናቸው። የጎደላቸው ምርመራ ነው። ውሃ የታየበት ቦታና ውሃ የወጣበት ቦታ ብዙ ጊዜ ይራራቃሉ። የቆርቆሮ ጣሪያ ሲያፈስ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ጠብታው አልጋው ላይ ቢያርፍም የምስማሩ ቀዳዳ ያለው ራቅ ብሎ ነው፤ ውሃው ማገሩን ይዞ ተንሸራቶ ነው እዚያ የደረሰው። በአኳሪየምም ከላይኛው ማዕዘን የወጣ ውሃ መስታወቱን ይዞ ወርዶ፣ የታችኛውን ጠርዝ ተከትሎ ተጉዞ፣ በሌላው ጫፍ ሊንጠባጠብ ይችላል። ስለዚህ ጥገናውን ከማወቅ በፊት ፍለጋውን ማወቅ ይበጃል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሶኬቶቹን ይንቀሉ። የማሞቂያው፣ የማጣሪያውና የመብራቱ ገመዶች የተሰኩበት ዲቫይደር ወለል ላይ ከሆነ ውሃው መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ኤሌክትሪኩ ሳይቋረጥ እጅዎን ውሃው ውስጥ አይክተቱ፤ የረጠበውንም ወለል አይርገጡ። ዲቫይደሩ ራሱ ከረጠበ ደግሞ ኃይሉን ከቆጣሪው ማጥፋት ይሻላል።

መስታወቱን የያዘው ምንድን ነው?

ዓሣን በመስታወት ቤት አኑሮ ማየት በሰፊው የተለመደው በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ እንግሊዝ ውስጥ ነው። የለንደን የአራዊት ማቆያ የዓሣ ቤቱን ለሕዝብ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1853 ሲሆን፣ የተፈጥሮ አጥኚው ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ «ዘ አኳሪየም» የተሰኘውን መጽሐፉን ያወጣው በዓመቱ በ1854 ነው። በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ አኳሪየም የሚሠራው በብረት ፍሬም ነበር። መስታወቶቹ ፍሬሙ ላይ በስቱኮ ይያያዛሉ፤ ብረቱ ይዝጋል፣ ስቱኮው እየደረቀ ይሰነጠቃል። ሁኔታው የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲሊኮን ማጣበቂያ ለዚህ ሥራ ሲውል ነው። ሲሊኮን ከመስታወት ጋር አጥብቆ ስለሚያያዝና እንደ ጎማ ስለሚለጠጥ ፍሬም አላስፈለገም። ዛሬ መስታወት ቤት የሚያሠሩት አኳሪየም አምስት መስታወቶችን በሲሊኮን ብቻ የያዘ ነው።

ሲሊኮኑ በሁለት ቦታ ይገኛል። አንደኛው በሁለት መስታወቶች ጠርዝ መካከል የተጨመቀው ስስ ድርብ ነው፤ ጭነቱን የሚሸከመው እሱ ነው። ሁለተኛው በውስጥ በኩል ማዕዘኖቹን ተከትሎ የተቀባው መስመር ነው፤ ሥራው ውሃው የመጀመሪያውን እንዳይነካ መከለል ነው። ይህን ልዩነት ይያዙት፤ ጥገናው ቀላል ወይም ከባድ የሚሆነው ከሁለቱ የትኛው እንደተጎዳ ታይቶ ነው።

ማጣበቂያው የሚሸከመው ጭነት ቀላል አይደለም። ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 35፣ ከፍታው 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ አኳሪየም 112 ሊትር ይይዛል፤ ውሃው ብቻ 112 ኪሎ ይመዝናል። ወደ ጎን የሚገፋውን ኃይል የሚወስነው ግን የውሃው ጥልቀት ነው። እስከ አፉ ቢሞላ የፊት መስታወቱ የ64 ኪሎ ክብደት ያህል ግፊት ያርፍበታል። ከፍታው 40 መሆኑ ቀርቶ 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ግፊቱ ወደ 144 ኪሎ ያድጋል። ከፍታው በግማሽ ጨመረ፣ ግፊቱ ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ግፊቱ የሚበረታው ደግሞ ወደ ታች በተጠጋ ቁጥር ነው። ለዚህ ነው ረጃጅም አኳሪየሞች ወፍራም መስታወት የሚፈልጉት፤ የታችኛው መጋጠሚያም ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው።

እውነት መስታወቱ ነው የሚያፈሰው?

መጋጠሚያውን ከመወንጀልዎ በፊት ሌሎቹን ተጠርጣሪዎች አንድ በአንድ ያጣሩ።

የመጀመሪያው ትነት ነው። ክዳን የሌለው አኳሪየም፣ በተለይ አየሩ በበጋ ሲደርቅና ማሞቂያ ካለው፣ ውሃው በየቀኑ ዝቅ ይላል። ከላይ ባነሣነው አኳሪየም ላይ የ1 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ 2.8 ሊትር ውሃ ነው። ይህን ያህል ውሃ ወለል ላይ ቢፈስ ሳይታይ አይቀርም። ውሃው እየቀነሰ ማስቀመጫውም ወለሉም ፈጽሞ ደረቅ ከሆኑ ትነት ነው ብሎ ማሰብ ያስኬዳል።

ሁለተኛው የአየር ፓምፑ ቀጭን ቱቦ ነው። ፓምፑ ከውሃው ወለል ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቆማል፤ ውሃውም ቱቦውን ይዞ ወደ ኋላ ሊወርድ ይችላል። መብራት ሲመጣ ፓምፑ እንደገና ይነሣል፤ መፍሰሱም ይቆማል፤ የሚቀረው ምክንያቱ ያልታወቀ እርጥብ ወለል ብቻ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የሚኖር ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ይህን ይሁን። መፍትሔው ፓምፑን ከውሃው ወለል ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ወይም ቱቦው ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ቫልቭ ማስገባት ነው።

ሦስተኛው ማጣሪያው ነው። ከውጭ የሚቀመጥ ማጣሪያ ከሆነ የክዳኑን ጎሚኒና የቱቦዎቹን መጋጠሚያ በደረቅ ሶፍት ይዳስሱ። ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠል ማጣሪያ ከሆነ ስፖንጁ በቆሻሻ ሲደፈን ውሃው ሌላ መንገድ ፈልጎ በኋላ በኩል ሊገነፍል ይችላል።

አራተኛው ፍንጥቅጣቂና ላብ ነው። አየር ሲወጣ የሚፈነዱት አረፋዎች ጠብታ ይረጫሉ። በክዳኑ ሥር የተጠራቀመ እንፋሎትም ገመድ ይዞ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ገመድ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ተንጠልጥሎ መመለስ አለበት፤ ውሃው ከታጠፈበት ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

ቀዳዳውን መፈለግ

እነዚህ ሁሉ ንጹሕ ሆነው ከተገኙ ፍለጋው ወደ መስታወቱ ይዞራል። የአኳሪየሙን ውጭ፣ በተለይም ጠርዞቹንና ማስቀመጫውን፣ በፎጣ ፈጽመው ያድርቁ። ከዚያ በእያንዳንዱ ማዕዘን ከላይ እስከ ታች፣ በታችኛውም ጠርዝ ዙሪያውን፣ ሶፍት በፕላስተር ይለጥፉ፤ ከሥሩም ደረቅ ጋዜጣ ያንጥፉ። ሶፍት ትንሿን እርጥበት እንኳ ቶሎ ያሳያል። በየግማሽ ሰዓቱ ይመልከቱ። የሚፈልጉት ብዙ የረጠበውን ሳይሆን መጀመሪያ የረጠበውን ነው። በአንድ ማዕዘን ላይ ሁለት ቦታ ረጥቦ ካገኙ ምንጩ ከፍ ያለው ነው፤ ውሃ ወደ ላይ አይፈስምና።

መስታወቱ ላይ አስቀድሞ የተጻፈ ምልክትም አለ። ቀስ ብሎ የሚወጣ ውሃ ሳይንጠባጠብ ይተናል፤ በውስጡ የሟሟው ማዕድን ግን አይተንም። ስለዚህ በመጋጠሚያው በውጭ በኩል ነጭ የኖራ መስመር ካዩ፣ ውሃው በዚያ መንገድ ለሳምንታት ሲወጣ ቆይቷል ማለት ሊሆን ይችላል። በባትሪ ብርሃን መጋጠሚያውን ከጎን ሲያዩትም በመስታወቶቹ መካከል ያለው ሲሊኮን ወጥ ሆኖ መታየት አለበት። አየር የያዘ፣ ነጣ ያለ ወይም ከመስታወቱ የተላቀቀ ክፍል ካለ ያስተውሉት።

ሶፍቱ ካልነገረዎ ውሃው ራሱ ይንገርዎ። የውሃው ወለል የደረሰበትን መስታወቱ ላይ በማርከር ምልክት አድርገው አጠገቡ ሰዓቱን ይጻፉ፤ ውሃ አይጨምሩ። ቀዳዳው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ከሆነ ውሃው ወርዶ ወርዶ እዚያ ሲደርስ መፍሰሱ ይቆማል። የቆመበት ከፍታ የቀዳዳው ከፍታ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው በዚያ ከፍታ ላይ አራቱን ማዕዘኖች ማየት ብቻ ነው። መውረዱ ሳያቋርጥ ከቀጠለ ችግሩ ከታች ነው። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ የሚያወጣ ቀዳዳ በቀን 4 ሊትር ያህል ስለሚያፈስ፣ ዓሦች ባሉበት ይህን ፈተና ያለ ጠባቂ አይተዉት።

መጀመሪያ ዓሦቹ

ቀዳዳው ላይኛው ክፍል ላይ ከሆነ አይጣደፉ፤ ውሃውን ከቀዳዳው በታች ዝቅ አድርጎ ለቀናት ማቆየት ይቻላል። ከታች ከሆነ ዓሦቹ መውጣት አለባቸው። ንጹሕ፣ ሳሙና ነክቶት የማያውቅ ትልቅ ሳፋ ወይም ባልዲ ያዘጋጁ፤ በራሱ በአኳሪየሙ ውሃ ይሙሉት፤ የአየር ቱቦውን ወደዚያ ያዛውሩ። ዓሣ በጭንቀት ጊዜ ስለሚዘል አየር በሚያሳልፍ ነገር ይክደኑት። የመስታወት ማሞቂያ እንደጋለ ከውሃ ቢወጣ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ጥቂት ደቂቃ አስቀድሞ መነቀል ይኖርበታል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚረሳው የማጣሪያውን ስፖንጅ ነው። ከዓሦቹ የሚወጣው አሞኒያ መርዝ ነው፤ ስፖንጁ ውስጥ የሰፈሩት ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። ስፖንጁ ከደረቀ ወይም ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውሃ ከታጠበ ባክቴሪያዎቹ ይሞታሉ። ያን ጊዜ መስታወቱ ተጠግኖም ዓሦቹ ሊያልቁ ይችላሉ። ስለዚህ ስፖንጁ ከዓሦቹ ጋር ሳፋው ውስጥ ይግባ፤ ቢቻል ማጣሪያው እዚያው ይሥራ። ለአንድ ሁለት ቀን ምግብ ቢቀንሱላቸው አይጎዱም፤ ውሃው ቶሎ እንዳይበከልም ይረዳል።

አኳሪየሙን ለማንሣት ሙሉ በሙሉ ባዶ ያድርጉት፤ ጠጠሩም ይውጣ። ውሃ እንዳዘለ ሲነሣ መስታወቶቹ ስለሚጣመሙ ደኅና የነበረው መጋጠሚያ ሳይቀር ሊላቀቅ ይችላል።

የትኛው ሲሊኮን?

ሲሊኮን ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ለዓሣ አይሆንም። ለመታጠቢያ ቤትና ለኩሽና የሚዘጋጁት ብዙዎቹ ሻጋታ የሚከላከል ኬሚካል አላቸው፤ ያ ኬሚካል ዓሣን ይመርዛል። በላዩ ቀለም የሚቀባው አክሪሊክ ማሸጊያም ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ለሚኖር መጋጠሚያ አልተሠራም። የሚፈለገው መቶ በመቶ ሲሊኮን የሆነ፣ ፀረ ሻጋታ የሌለበት፣ ማሸጊያው ላይ ለአኳሪየም መሆኑ የተጻፈ ነው። ብዙ ጊዜ ሲደርቅ የሆምጣጤ ሽታ ያወጣል፤ ሽታው እየደረቀ የሚለቀው አሴቲክ አሲድ ነው። ስለዚህ መስኮት ከፍተው ይሥሩ፤ ሽታው ሳይጠፋም ዓሣ አያስገቡ።

ደጋግሞ መለጠፍ ለምን እንደማይሠራ አሁን ግልጽ ይሆናል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አዲስ ሲሊኮን በደረቀ አሮጌ ሲሊኮን ላይ በደንብ አይጣበቅም፤ የሚይዘው ንጹሕ መስታወት ሲያገኝ ነው። ከውጭ የተለጠፈም ውሃው ከጀርባው ስለሚገፋው ይላቀቃል፤ ከውስጥ የተቀባውን ግን ያው ግፊት መስታወቱ ላይ ይጫነዋል። ትክክለኛው ጥገና የሚሠራው ከውስጥ፣ አሮጌው ከተነሣ በኋላ ነው።

ሥራው

አኳሪየሙ ታጥቦ ሲደርቅ የውስጡን የሲሊኮን መስመር በአዲስ ምላጭ ይፋቁ። ምላጩ መስታወቱ ላይ ተኝቶ ይሂድ፤ ወደ መጋጠሚያው መካከል ጠልቆ ጭነት የሚሸከመውን ድርብ እንዳይቆርጥ ይጠንቀቁ። የተበላሸው አንድ ማዕዘን ብቻ ቢሆንም የውስጡን መስመር በሙሉ ማንሣት ይመረጣል፤ ቁራጭ ጥገና ከተሠራ አዲሱ ከአሮጌው የሚገናኝበት ቦታ የሚቀጥለው ቀዳዳ ይሆናል። የቀረውን ስስ ቅሪት ደጋግመው ይፋቁት። በመጨረሻ በነጭ ንጹሕ ጨርቅ አልኮል ወይም አሴቶን ነክረው ጨርቁ ምንም ቆሻሻ እስከማያነሣ ድረስ ይጥረጉ። አሴቶን መስታወትን አይጎዳም፤ ፕላስቲክን ግን ያበላሻል፤ የእሳት ጠባይም ስላለው ከነበልባል ይራቅ። ከዚህ በኋላ መጋጠሚያውን በባዶ እጅ አይንኩት፤ የጣት ቅባት ሲሊኮኑ እንዳይይዝ ያደርጋል።

በማዕዘኑ ግራና ቀኝ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ራቅ አድርገው የወረቀት ፕላስተር ይለጥፉ። የሲሊኮኑን አፍ አግድም ቆርጠው፣ ወጥ መስመር እየሞሉ፣ የታቹንና የቆሙትን ማዕዘኖች ሳያቋርጡ በአንድ ጊዜ ይቀቡ። ሲሊኮን በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ ማውጣት ስለሚጀምር መዘግየት አይፈቅድም። ጓንት ባጠለቀ እርጥብ ጣት መስመሩን አንድ ጊዜ ብቻ ጫን ብለው ያስተካክሉ፤ ደጋግሞ መነካካት ይቀደዋል። ፕላስተሩን ገና እርጥብ እያለ ያንሡት።

ከዚያ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። ሲሊኮን የሚደርቀው ከአየሩ እርጥበት እየሳበ፣ ከላይ ወደ ውስጥ ነው። ላዩ በአንድ ሰዓት ደርቆ ውስጡ ገና ለስላሳ ሊሆን ይችላል። አየሩ ደረቅ በሚሆንበት በበጋ ደግሞ ይዘገያል። ለትንሽ አኳሪየም ቢያንስ 48 ሰዓት፣ ቢቻል 72 ሰዓት፣ ለትልቅ አኳሪየም አንድ ሳምንት ይስጡት። ማሸጊያው ላይ ከዚህ የሚረዝም ጊዜ ከተጻፈ የጽሑፉን ይከተሉ።

ፈተናውን ሳሎን ውስጥ አያድርጉት። በረንዳ ወይም መታጠቢያ ቤት፣ ወለሉ ደልዳላ በሆነበት፣ ከሥሩ ጋዜጣ አንጥፈው መጀመሪያ ሩቡን፣ ቀጥሎ ግማሹን፣ በመጨረሻም ሙሉውን ይሙሉ፤ በየደረጃው ጥቂት ሰዓት ይቆዩ። ከሞላ በኋላ ሁለት ቀን ደርቆ ከዋለ ጥገናው ይዟል። ያንን ውሃ ይድፉት፤ አኳሪየሙን አለቅልቀው ወደ ቦታው ይመልሱ። አዲሱን የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ ቢያንስ አንድ ቀን ሰፊ አፍ ባለው ዕቃ ያሳድሩት ወይም ክሎሪን ማጥፊያ ይጨምሩበት። ሙቀቱ ከሳፋው ውሃ ጋር ሲቀራረብ ስፖንጁንና ዓሦቹን ይመልሱ።

መጠገን የማይገባው

የተሰነጠቀ መስታወት በሲሊኮን አይድንም። ሲሊኮን ውሃውን ለጊዜው ሊያቆም ይችላል፤ መስታወቱ ያጣውን ጥንካሬ ግን አይመልስም፤ ስንጥቁም በግፊት እየረዘመ ይሄዳል። መስታወቱ ራሱ መቀየር አለበት። በሁለት መስታወቶች መካከል ያለው ድርብ የተላቀቀ አኳሪየምም ውስጡን በመቀባት ብቻ አይታመንም፤ ተፈትቶ፣ ጠርዞቹ ጸድተው እንደገና መገጣጠም አለበት። ይህን ሥራ አኳሪየም መሥራት ለሚያውቅ ባለ መስታወት ቤት መስጠት ተገቢ ነው። ከውሃው ወለል በላይ ያለች ትንሽ የጠርዝ ስባሪና መስታወቱ ላይ ያለ ጭረት ግን አያፈስሱም።

መጋጠሚያው ለምን እንደተላቀቀ ሳይጠይቁ ውሃ ቢሞሉ ችግሩ ይመለሳል። ዕድሜ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ግን ማስቀመጫው ነው፤ አንዱ ጥግ ዝቅ ካለ መስታወቶቹ እየተጣመሙ ሲሊኮኑን ቀንና ሌሊት ይጎትቱታል። ውሃ ልክ አስቀምጠው በርዝመትም በወርድም ይለኩ፤ ውሃ ልክ ከሌለዎት የውሃውን ወለል ከመስታወቱ የላይ ጠርዝ ጋር ያስተያዩ። ልዩነት ካለ የሚስተካከለው በማስቀመጫው እግሮች ሥር ነው፤ በመስታወቱ ሥር ካርቶን መጎስጎስ ጭነቱን አንድ ነጥብ ላይ ይሰበስበዋል። የታች መስታወቱ በቀጥታ ጠረጴዛ ላይ የሚያርፍ አኳሪየም ከሆነ ስስ ፎም ማንጠፍ ትናንሽ ጉብታዎችን ይውጣል።

ከዚያ በኋላ በወር አንድ ጊዜ፣ ውሃ በሚቀይሩበት ቀን፣ የታችኛውን ጠርዝ ዙሪያውን በደረቅ ሶፍት ይዳስሱ፤ ነጭ መስመር መኖሩንም ይመልከቱ። የጠገኑበትን ቀንና የጠገኑትን ማዕዘን በትንሽ ወረቀት ጽፈው ማስቀመጫው ላይ ይለጥፉ። አንድ ቀን እርጥበት ቢታይ፣ እርስዎም ሆኑ ሌላ የቤት ሰው ሲሊኮን ፍለጋ ከመውጣት በፊት ከየት መጀመር እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።